ባለቤቱ ያልተጻፈው ተራ

ቆቦ ውስጥ ጡረታ የወጣ ሰው ከሁለት ጥያቄ አያመልጥም። አንደኛው «አሁን ምን ትሠራለህ?» ነው። ሁለተኛው ተከትሎ ይመጣል፤ «ለመሆኑ እስከ ዛሬስ ምን ነበር የምትሠራው?» ለመጀመሪያው እስካሁን የረባ መልስ አላገኘሁለትም። ሁለተኛውን ብዙዎቹ የሚያውቁት ይመስላቸዋል። ድምፄን ከማኅበረሰብ ሬዲዮ ጣቢያችን ስለለመዱት «አሰፋ ዜና አንባቢው» ይሉኛል። ልክ ናቸው። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ግን የቀኔ ግማሽ የሚያልፈው የጣቢያውን ድረ ገጽ በመጠበቅ ነበር። ከሥራ ዘመኔ ሁሉ የከፋውን ስሕተት የሠራሁትም ማይክራፎን ፊት ሳይሆን እዚያ ድረ ገጽ ላይ ነው። ስሕተቱ የአንዲት ሴት የሽንኩርት ማሳ ያለ ውኃ እንዲውል አደረገ፤ ስሟንም አጎደፈ። የምጽፈው ስለዚያ ስሕተት፣ ደግሞም እንዳርመው ስላስቻሉኝ ሰዎች ነው።

ሥራ የጀመርኩት ከቆቦ ብዙም በማትርቀው ሮቢት የገበያ ዋጋ እየለቀምኩ በስልክ በማስተላለፍ ነው። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ስለሱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። ስልኩን ቆቦ ላይ የሚያነሡት የዜና አርታኢያችን ጋሽ እንድሪስ ነበሩ። የራያ ቆላ ተወላጅ፣ ቀጭን፣ ቁጡ ያልሆኑ፣ ነገር ግን የማይሸወዱ ሰው። የማሽላውን፣ የጤፉን፣ የፍየሉን ዋጋ ነግሬያቸው ስልኩን ልዘጋ ስል «ቆይ፣ ልመልስልህ» ይላሉ። ከዚያም የጻፉትን አንድ በአንድ ያነቡልኛል። መጀመሪያ ሰሞን የማያምኑኝ መስሎኝ ከፍቶኝ ነበር። አንድ ቀን ደፍሬ «ጋሼ፣ እኔኮ ልክ ነው የነገርኩዎት» አልኳቸው።

«አንተ ልክ መናገርህን መቼ ጠረጠርኩ? እኔ ልክ መስማቴን ነው የምጠይቅህ።»

ሁለተኛው ልማዳቸው «ማን አየ?» የምትል ጥያቄ ነበረች። አንድ ጠዋት ጎብዬ መግቢያ ላይ አውቶቡስ ተገልብጧል ብዬ እያለከለክሁ ደወልኩ።

«ማን አየ?»

«ሦስት ሰው ነግሮኛል፣ ጋሼ።»

«ሦስቱስ ከማን ሰሙ?»

ተመልሼ ጠየቅኩ። ሦስቱም የሰሙት ከአንድ ሻይ ሻጭ ነበር። ሻይ ሻጩ ደግሞ ያየው ጎማው የፈነዳበትና ጭነቱን መንገድ ዳር ያራገፈ የጭነት መኪና ነው። አውቶቡስም የለም፤ የተገለበጠም የለም። መልሼ ስደውል ጋሽ እንድሪስ አልተቆጡኝም። «ሻይ ሻጩን አመስግንልኝ» ብለው ዘጉት።

ሦስተኛው ልማዳቸው ብዙ ጊዜ ያሳቀን ነው። ያልተረጋገጠውን ሁሉ በእርሳስ ይጽፋሉ፤ ሲረጋገጥ በዚያው ላይ በእስክሪብቶ ይሄዱበታል። ዜና ሲያርሙም አንድ ቃል ይቀይሩና ከላይ ጀምረው ሙሉውን ጮክ ብለው ያነባሉ። ከዚያ ሌላ ቃል ይቀይሩና እንደገና ከላይ ይጀምራሉ። «ጋሽ እንድሪስ አንድ ዜና እስኪያርሙ የተዘራው ማሽላ ይታጨዳል» እንባባል ነበር። ሰምተዋል። አንድ ቀን እርሳሳቸውን ወደ እኔ ቀስረው፣

«ሁለት ቃል ባንዴ ቀይረህ ዓረፍተ ነገሩ ቢበላሽ የትኛው እንዳበላሸው በምን ታውቃለህ?» አሉኝ።

ነገሩ የገባኝ ግን ዕድሜዬ ሥልሳ ሊሞላ ሲል ነው።

ከሥራዬ ሁሉ የምኮራበት ነገር በውኃ ጠብ ነው የጀመረው። በቆቦ ሜዳ ላይ ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው ፓምፕ ከተተከለላቸው ወዲህ ገበሬው በበጋም ያመርታል። ውኃው በቦይ እየሄደ በሰዓት ተራ ይደርሳል። ተራውን የሚያስጠብቀው ገበሬዎቹ ራሳቸው የሚመርጡት የውኃ አባት ነው፤ ዝርዝሩ ያኔ በሱ ደብተርና በሱ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነበር። አንድ ጠዋት ሮቢት አቅራቢያ ሁለት ጎረቤታሞች «ተራው የኔ ነው» ተባብለው በዱላ ተፈነካከቱ። ሄጄ ሁለቱንም አነጋገርኩ። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር፤ እያንዳንዳቸው የሰሙት ሌላ ቀን ነው። ጋሽ እንድሪስ ዘገባዬን አንብበው ሲጨርሱ «ዝርዝሩን አላዩትም፤ ለምን እኛ አናነብላቸውም?» አሉ።

ሐሳቡን ይዤ ከቦይ ቦይ ዞርኩ። መጀመሪያ ሳቁብኝ። «ደግሞ ውኃችንን ሬዲዮ ሊያጠጣልን ነው?» ያሉኝ ሽማግሌ ፊታቸው አሁንም ይታየኛል። ቀስ በቀስ ተቀበሉ። ሐሙስ ጠዋት የሳምንቱን ተራ በየቦዩ ማንበብ ጀመርን፤ ጠቡም ቀነሰ። በኋላ ገበሬዎቹ በራሳቸው ጉባኤ አንድ ደንብ አወጡ፤ በሬዲዮ ያልተነበበ ተራ፣ ተራ አይደለም። ያን ቀን ደስ ብሎኝ እስከ ጎብዬ በእግሬ የሄድኩ ይመስለኛል። ደንቡ አንድ ቀን በእኔ ስሕተት ሰው ላይ እንደሚፈርድ አላሰብኩም።

ጋሽ እንድሪስ ጡረታ ወጥተው ብዙም ሳይቆዩ አረፉ፤ አላህ ይርሐማቸው። ከዚያ በኋላ የመጣችልን ሰላማዊት ናት። አላማጣ ያደገች፣ ወልድያ የምትሠራ የኮምፒውተር ባለሙያ ስትሆን ድረ ገጹን የሠራችልን እሷ ነች። የውኃ አባቶች ከስልካቸው ላይ የሳምንቱን ተራ ያስገባሉ፤ ገጹ በሰዓት ደርድሮ ዝርዝር ያወጣል። እኛ ሬዲዮ ላይ እናነበዋለን፤ በየፓምፕ ቤቱም ይለጠፋል። ለእያንዳንዱ ተራ የሚሞላው ጥቂት ነገር ነው፤ የሚያጠጣው ሰው ስም፣ ማሳው፣ ሰዓቱ፣ በመጨረሻም የተራው ባለቤት።

ይህን የመጨረሻውን ማስረዳት አለብኝ፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው እዚህ ላይ ነውና። በኛ ቆላ ገበሬው ከብትም አርቢ ነው። ሣር ሲጠፋ ከብቱንና ግመሉን ይዞ ወደ አፋር በኩል ይወርዳል። ሲሄድ የውኃ ተራውን ለጎረቤቱ ይተዋል። የሚተወው በቃል ነው፤ አይጻፍም። እንዲያውም መጻፉ ነውር ነው። የሰጡትን መጻፍ እንደ ማስታወስ ይቆጠራል፤ ማስታወስ ደግሞ እንደ መጠየቅ። ስለዚህ የውኃ አባቱ የተዋሰውን ሰው ስም ያስገባና የባለቤቱን ቦታ ባዶ ይተወዋል። ዝርዝሩን የሚያይ ሁሉ ባዶውን ሲያይ ተራው በውሰት የተያዘ መሆኑን ያውቃል፤ ማንም «የማን ነው?» ብሎ አይጠይቅም።

መብራትና ስልክ የጠፋበት ዘመን መጣ። ስለዚያ ዘመን ብዙ ተጽፏል፤ እኔም የድርሻዬን ዘግቤያለሁ። እዚህ የሚያስፈልገኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ድረ ገጹ ለረጅም ጊዜ ተኝቶ ከረመ። ሲነቃ የቆመበት ማዕቀፍ፣ ባለሙያዎቹ ፍሬምወርክ የሚሉት፣ አርጅቶ ነበር። የደኅንነት ጥገና አይደረግለትም። ሰላማዊት ወደ አዲሱ እትም ልታሳድገው ወሰነች፤ እኔም ከጎኗ ሆኜ ተማርኩ። በዚያ ዕድሜዬ እንደ አዲስ ወኪል ዘጋቢ ስልክ ይዤ «እሺ፣ ከዚያስ?» ማለት ደስ ይለኝ ነበር።

እትሙ ከተቀየረ በኋላ ቆቦ ድረስ መጥታ አንድ ፋይል ከፍታ አሳየችኝ። ከደርዘን የሚበልጡ መስመሮች አሉት። ከእያንዳንዱ መስመር ፊት መስመሩን ዝም የሚያሰኝ ምልክት አለ።

«እነዚህ አዲሶቹ ነባሪዎች ናቸው፣ ጋሼ።»

«ነባሪ ምንድን ነው? እንደ ገበሬ አስረጂኝ።»

ትንሽ አሰበች። «ጎብዬ ላይ ሻይ ቢያዝዙ በስኳር ነው የሚመጣልዎት፣ አይደል? ‹ስኳር አታድርጉ› ካላሉ።»

«አዎ።»

«እሱ ነው ነባሪ። ምንም ካልነገሩት በራሱ የሚያደርገው። አሁን ቤቱን አዲስ ሰው ገዛውና ‹ከእንግዲህ ካልተጠየቅሁ ስኳር አልጨምርም› አለ እንበል። ላዲስ ደንበኛ ምንም አይደለም። ሃያ ዓመት ዝም ብሎ የጠጣው ሰው ግን አንድ ቀን ይጎመዝዘዋል።»

«ስለዚህ ቤቱ ተሽጧል፣ ስኳሩ ግን እስካሁን እንደ ድሮው ነው።»

«ኧረ ጎበዝ ተማሪ! አሁን ምልክቱን አንድ በአንድ ያነሣሉ። አንዱን አንሥተው ከሐሙስ እስከ ሐሙስ ይመልከቱ። ምንም ካልተበላሸ ወደ ሁለተኛው። አደራ፣ አንድ በአንድ።»

«ይህንን ትምህርት አንቺ ሳትወለጂ ተምሬዋለሁ» አልኳት። እውነቴን ነበር። ግን አላደረግኩትም።

ምክንያቴን ሳላሳምር እናገራለሁ። የጡረታ ደብዳቤዬ መጥቶ ነበር፤ የቀረኝ ሁለት ሳምንት ነው። መስመሮቹን በየሳምንቱ አንድ ብል ሥራውን ለሌላ ሰው ትቼ መሄዴ ነው። ያልተጨረሰ ነገር ማስረከብ አልወድም፤ ጠረጴዛዬ እንኳ ምንጊዜም ባዶ ሆኖ ነበር የሚያመሸው። ስለዚህ ለመሞከሪያ ባስቀመጥነው ቅጂ ላይ ምልክቶቹን ሁሉ ባንዴ አነሣሁ። ከራሴ አእምሮ ሃያ ያህል ተራ ፈጥሬ አስገባሁ። ሁሉም ተቀመጡ፤ ዝርዝሩ ወጣ፤ ሰዓቱም ልክ ነው። የፈጠርኳቸውን ተራዎች ሁሉ ሙሉ አድርጌ ነበር የሞላኋቸው፤ ስም፣ ማሳ፣ ሰዓት፣ ባለቤት። ባዶ ቦታ ትቼ አላውቅምና እዚያም አልተውኩም። የሞከርኩት ገጹ ለእኔ ለራሴ መሥራቱን ነው።

ረቡዕ ጠዋት ዋናው ገጽ ላይ አዋልኩት። በዚያው ዕለት የውኃ አባቶች ተራቸውን አስገቡ፤ ስልካቸው ላይ እንደ ወትሮው «ተመዝግቧል» የሚል መልስ መጣላቸው። ሐሙስ ጠዋት ዝርዝሩን አነበብኩ። ሳነበው ከወትሮው አጠር ያለ መስሎኝ ነበር። ድምፅ መሣሪያውን ለያዘችው ባልደረባዬ «ዛሬ ቶሎ ጨረስን» አልኳት። «እሰይ!» አለችኝ፤ ተሳስቀን ወጣን። ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት ሁሉ አንድ ነገር ጎድሎ እያየሁ ሳልጠይቅ ያለፍኩት ያን ጠዋት ብቻ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሮቢት አጠገብ ካለው ፓምፕ ቤት የሆነውን ኋላ ከሁሉም ወገን ሰምቼዋለሁ። ወይዘሮ ፋጡማ ከሃምሳ ያለፉ፣ በቦዩ መጨረሻ ላይ የሰው መሬት በእኩል የሚያርሱ ሴት ናቸው። ሽንኩርታቸው ራስ መያዝ ጀምሯል፤ ያን ጊዜ ውኃ ካጣ ባለበት ይቀራል። ጎረቤታቸው ዓሊ ከብቱን ይዞ ከዞብል ተራራ ማዶ ሲወርድ ተራውን ትቶላቸዋል፤ ቅዳሜ ጠዋት ከአንድ ሰዓት እስከ አራት። ዶማቸውን ይዘው ሲደርሱ ውኃው በሌላ ሰው ቦይ እየሄደ ነው። ይመር የሚባለው የፓምፕ ሠራተኛ የተለጠፈውን ዝርዝር በጣቱ ከላይ እስከ ታች ሄደበት።

«ስምሽ የለም፣ እትዬ።»

«ምን ማለትህ ነው? የዓሊ ተራኮ ነው። ሰጥቶኛል።»

«ዓሊስ የታለ?»

«ከብት ይዞ ዞብል ማዶ ነው።»

«እንግዲህ ዞብልን ጥሪው፣ ይመስክርልሽ!»

የነበሩት ሰዎች ሳቁ። ሴትዮዋ ግን ወላሂ ብለው ማሉ። ከሳቁት አንዱ «የሰው ውኃ ልትወስድ ነው የመጣችው» አለ። ቃሉ ከፓምፕ ቤቱ ወጥቶ እሳቸው ሳይመለሱ ሰፈር ገባ። በኛ አገር የውኃ ሌባ መባል ቀላል ነገር አይደለም። በእኩል ለሚያርስ ሰው ደግሞ ይብሳል፤ የሚያርሰው ታምኖ ነውና።

ወይዘሮ ፋጡማ ቤታቸው አልገቡም። ባጃጅ ይዘው ቆቦ ጣቢያው ድረስ መጡ። ከነቅጠሉ የተነቀለ ሁለት ሽንኩርት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። አፈሩ ዱቄት ነበር።

«ተራ የምታነበው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም። ስሜን የት አደረስከው?»

ያልገባኝን ነገር ገባኝ አልልም። «ይንገሩኝ፣ ልጻፍ» ብዬ ደብተሬን አወጣሁ። ነገሩኝ፤ ጻፍኩ፤ መልሼ አነበብኩላቸው። ሲሰሙ ቁጣቸው ትንሽ በረደ። «አዎ፣ እንዲያ ነው» አሉና ተቀመጡ። «ወንድምዓለም፣ ሽንኩርቱስ የአላህ ነው። እኔን ግን ሌባ አሉኝ።»

ያለፈውን ሳምንት ዝርዝር ከደብተሬ፣ የዚህን ሳምንት ከገጹ አውጥቼ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ሰባት ተራ ጎድሏል። ሰባቱም ያለፈው ሳምንት ላይ የባለቤታቸው ቦታ ባዶ ነው። በውሰት የተያዙት ተራዎች ብቻ ተለይተው ጠፍተዋል። ወዲያው ሰላማዊት ጋ ደወልኩ።

«ስንት መስመር አነሡ፣ ጋሼ?»

«ሁሉንም።»

ሳትቆጣ አስረዳችኝ። ከአዲሶቹ ነባሪዎች አንዱ፣ የአንድ ሰው ወይም የአንድ ነገር ነው ተብሎ የሚመዘገብ መዝገብ ባለቤቱ ካልተሞላ አይቀመጥም ይላል። ድሮ ባዶ ቢሆንም ይቀመጥ ነበር። ተራዎቹ ሲገቡ ፕሮግራሙ «አልቀበልም» ብሎ መልሷል። እሷ ያኔ የሠራችው ገጽ ግን መልሱን ሳይሰማ «ተመዝግቧል» ይላል።

«እሱ የኔ ጥፋት ነው» አለች። «መልሱን መስማት ነበረበት።»

«ያንቺን አንቺ ያዢ፣ ልጄ። የኔን ለኔ ተዪልኝ።»

በዚያው ጥሪ ላይ ምልክቶቹን ሁሉ መለስን፤ ገጹ እንደ ድሮው ሆነ። ቀጥሎ የሮቢቱን የውኃ አባት አቶ ካሳን አገኘሁ። ሰዓት እየቆጠርን የቀሩትን ስድስት ሰዎች ተራቸው ሳያልፍ ደረስንላቸው። ያለፈባቸው ወይዘሮ ፋጡማ ብቻ ናቸው።

ጋሽ እንድሪስ ስለ እርማት የማይናወጥ ሕግ ነበራቸው። ስሕተቱ በተነገረበት ድምፅ፣ በተነገረበት ቦታ፣ በዚያው ርዝመት ይታረማል። ሐሙስን አልጠበቅኩም። በእኩለ ቀኑ ዜና ላይ የሰባቱን ስምና ሰዓት አነበብኩ። ቀጥዬም ይህን አልኩ፤ «ስሕተቱ የዝርዝሩ አዘጋጅ የሆንኩት የእኔ የአሰፋ ነው። ወይዘሮ ፋጡማ ዛሬ ጠዋት ፓምፕ ቤት የሄዱት በገዛ ተራቸው ነው። የማንንም ውኃ አልወሰዱም፤ የሳቸው ውኃ ነው የተወሰደባቸው።» ወይዘሮ ፋጡማ ቢሮው ውስጥ ቆመው ሲያዳምጡ ነበር። ስወጣ «ድምፅህ አልተንቀጠቀጠም» አሉኝ።

ውኃው ግን በእርማት አይመለስም። ቀጣዩ ተራ ከሳምንት በኋላ ነው። አቶ ካሳ ምንም ሳይናገሩ ሰኞ ከገዛ ተራቸው አንድ ሰዓት ተኩል ቆርጠው ሰጧቸው፤ ያ ከሚያስፈልገው ግማሽ ነው። የላይኞቹ መደቦች ተረፉ። የታችኞቹ ሽንኩርቶች እስከ ነቀላ ድረስ ከአውራ ጣት ጫፍ አልበለጡም። ሄጄ አይቻቸዋለሁ፤ ማየት ነበረብኝ።

ከዚያ በኋላ ሥራውን እንደገና፣ በጋሽ እንድሪስ መንገድ ጀመርኩ። አዲስ ደብተር ገዝቼ መስመሮቹን አንድ በአንድ በእርሳስ ጻፍኳቸው። ረቡዕ አንዱን አነሣለሁ፤ ሐሙስ ዝርዝሩ ሲወጣ ካለፈው ጋር አስተያየዋለሁ፤ እስከ ቀጣዩ ሐሙስ የሚጠይቅ ሰው ካለ እጠብቃለሁ። በሰላም ካለፈ በእስክሪብቶ እሄድበታለሁ። የመሞከሪያ ተራ መፍጠርም አቆምኩ፤ የውኃ አባቶች እንዳስገቡት ከነባዶው፣ ከነጉድለቱ እገለብጠዋለሁ። ሰላማዊት ደግሞ ገጹ ያስቀመጠውን መልሶ እንዲያነብና «ልክ ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ አደረገችው። ስለ ጋሽ እንድሪስ ስነግራት ሳቀች። «ስለዚህ ስልኩን የሚያነሡት አሁንም እሳቸው ናቸው» አለችኝ።

የጡረታ ቀኔ ሁለተኛው መስመር ላይ ስደርስ መጣ። በየረቡዑ መምጣቴን አላቆምኩም። የጣቢያው ኃላፊ በር ላይ ባየኝ ቁጥር «ጡረታ ወጥቶ የማያረፍድ ሠራተኛ አንተን ብቻ አየሁ!» ይለኛል። ወንበሬን ግን ለማንም አልሰጠብኝም፤ አመሰግነዋለሁ።

በመጨረሻ አንድ መስመር ቀረ፤ ያቺው፣ ባለቤት የሌለውን የማታስቀምጠው። ሰላማዊት የዚህችም መስመር ምልክት መነሣት አለበት አለች። ባዶ የሚታለፍ መዝገብ የሌላ ስሕተት መደበቂያ ይሆናል፤ በሌሎቹ ገጾቻችን ላይ አግኝታዋለች። «ለዚህ ለተራው ብቻ ግን ‹ባዶ ቢሆን ፈቅጃለሁ› ብለን በግልጽ መጻፍ እንችላለን። ዝም ብሎ ባዶ ከመሆን ይለያል፣ ጋሼ። የምንወስነው እኛ እንሆናለን።»

ይህን ግን እኛ ሁለታችን ልንወስነው አይገባም። አቶ ካሳን ለመንኩና ገበሬዎቹ ፓምፕ ቤቱ ጥላ ሥር ተሰበሰቡ። ዓሊ ለጥቂት ቀን ከታች ተመልሶ ነበር፤ እሱም መጣ። ነገሩን አስረዳኋቸው፤ የሻዩ ምሳሌ እዚያም ሠራልኝ።

«የኔ ስም አይጻፍ» አለ ዓሊ ቆጣ ብሎ። «ስሜ ከተጻፈ ፋጡማን ውለታዬን መልሺ የምላት ነው የሚመስለው። አባቴ እንዲህ አላደረገም።»

«ባይጻፍ ሌባ ተባልሁ» አሉ ወይዘሮ ፋጡማ። «ሌባ ከምባል ውለታ ያለባት ብባል ይሻለኛል።»

«እኔንስ ለምን ውለታ ቆጣሪ ታደርጊኛለሽ?»

«ኧረ እንግዲህ ሰጥተህ አትቆጣ!»

ሳቅ ሆነ። አቶ ካሳ ሳቁ እስኪያልፍ ጠብቀው፣ «ሲሰጣት ማን ነበር?» ብለው ጠየቁ።

«እርስዎ ነበሩ» አለ ዓሊ። «ሌላ ማን ይኖራል?»

«ታዲያ የኔ ስም ይጻፋ። ባለቤቱ ባዶ ይሁን። የሰማው ሰው ግን ይጻፍ። መስማት ውለታ አይደለም።»

እንቢ ያለ የለም። እኔ ደብተሬ ላይ አቀርቅሬ ነበር። «ማን አየ?» የምትለውን ድምፅ ከጋሽ እንድሪስ አፍ የሰማኋት ያህል ሆኖብኝ ቀና ማለት አቃተኝ።

ሰላማዊት በሳምንቱ ሠራችው። የባለቤቱ ቦታ ባዶ ከሆነ ገጹ «ማን ሰማ?» ብሎ ይጠይቃል፤ እሱ ካልተሞላ አያስቀምጥም፤ አለማስቀመጡንም ይናገራል። ረቡዕ የመጨረሻውን ምልክት አነሣሁ። አቶ ካሳ የፋጡማን ተራ ሲያስገቡ ስልካቸው መልሶ አነበበላቸው፤ ሰዓቱን፣ ማሳውን፣ «የሰማ፦ ካሳ»ን። ሐሙስ ዝርዝሩን ያነበበው አዲሱ አንባቢ ነው። እኔ ቤቴ ሆኜ ቆጠርኩ፤ አንድም አልጎደለም።

እስከ ቀጣዩ ሐሙስም የጠየቀ ሰው የለም፤ በዚያ ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት ሮቢት ሄድኩ። ዓሊ ወደ ከብቱ ተመልሶ ከዞብል ማዶ ነው። ወይዘሮ ፋጡማ ዶማቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው መጡ። ይመር ዝርዝሩን ማየት ጀመረ፤ ጣቱ መሐል ላይ ቆመ።

«አለሁ?» አሉ።

«አለሽ። ከአንድ እስከ አራት።»

«ወይስ ዞብልን ልጥራው?»

ይመር አፈረ። «ተይኝ እንግዲህ፣ እትዬ። አንድ ቀን አፌ ቢያመልጠኝ!» አለና መክፈቻውን አዞረው። ውኃው በቦዩ ውስጥ ገለባውን እየገፋ ሄደ፤ ወይዘሮ ፋጡማ ቀድመውት ወደ ማሳቸው ሮጡ። አዲስ ችግኝ ነበር የተተከለው።

እኔ ፓምፕ ቤቱ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ደብተሬን ከፍቼ የመጨረሻዋን መስመር አገኘኋት፤ እስክሪብቶዬንም አውጥቼ ቀስ ብዬ ሄድኩባት። አሁን ደብተሩ ላይ በእርሳስ የቀረ ነገር የለም።